ምስሉ ያልደረሰበት ቢሮ

ባለፈው እሑድ እህቴ ምሥራቅ ቤት፣ አራት ልጆቿ አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው ያንኑ አንድ የኳስ ጨዋታ በየስልካቸው ያያሉ። ምስሉ ቆም ባለ ቁጥር ኢንተርኔቱን ይረግማሉ። “አንዱን ጨዋታ አራት ጊዜ እየጎተታችሁ መስመሩ ምን አጠፋ?” ብላቸው ሳቁብኝ። እኔ መምህር ታደሰን አስታወስኩ።

በወጣትነቴ እዚሁ ሀዋሳ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የኔትወርክ ቴክኒሻን ነበርኩ። መምህር ታደሰ ታሞ አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል፤ እንደማይድን ያውቃል። ተማሪዎቹን በቪዲዮ ልሰናበት አለ። ስንሞክረው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መስመር ቀጭን ነውና፣ እያንዳንዱ ክፍል ለየራሱ ሲስብ ምስሉ ደረቀ። ስለዚህ ማልቲካስት በሚሉት መንገድ አደረግነው፦ አንድ ቅጂ ብቻ ይመጣል፣ ግቢው ውስጥ መስመሩን የሚያከፋፍሉት ስዊቾች ለጠየቀው ክፍል ሁሉ ያባዙታል። የዕድር ጡሩንባ ነፊ በየቤቱ እየገባ አይናገርም፤ አንዴ ይነፋል፣ ሰፈሩ ይሰማል።

ስንብቱ የተላለፈው በሰኔ ነበር። ዝናቡ አባርቶ ከሐይቁ በኩል የዓሣ ጥብስ ይሸታል። የመምህር ታደሰ እናት እማማ አስካለ ቆጮ በኮባ ጠቅልለው፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ ከይርጋለም በሚኒባስ መጡ። አስተዳደሩ “የመምህሩን እናት ከተማሪ ጋር እናጋፋ?” ብሎ፣ ለእኛ ሳይነግር፣ ለክብራቸው ዲኑ ቢሮ ብቻቸውን አስቀመጣቸው። ያ ቢሮ የተያያዘበት ስዊች አሮጌ ነው፤ ማልቲካስት አያሳልፍም።

ንግግሩ ከተጀመረ በኋላ የዲኑ ጸሐፊ እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። ስገባ እማማ ጥቁሩን ስክሪን ትኩር ብለው ያያሉ።

“ልጄ፣ ገና አልጀመረም?”

“ጀምሯል እማማ። ይነሡ፣ ተማሪዎቹ ወዳሉበት አዳራሽ እንሂድ።”

እጃቸውን ይዤ ግቢውን አቋረጥን። አዳራሹ ስንደርስ ተማሪው ተነሥቶ መንገድ ለቀቀ። መምህሩ በጣም ከስቷል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ስንብቱን ጨርሶ ነበር።

“እማዬ፣ እዚያ ካለሽ፣ አታልቅሺ። እሺ?” አለ።

“እሺ የኔ ጌታ፣ እሺ!” አሉ፣ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ ዘርግተው።

ድምፅ ከእሱ ወደ እኛ ይመጣል እንጂ ከእኛ ወደ እሱ አይሄድም። እሱ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ትንሽ ቆየ። ተማሪው በአንድ ድምፅ “እሺ ብለዋል!” ብሎ ጮኸ። ምስሉ ጠፋ።

ወዲያው ወደ ሆስፒታሉ ስልክ ብንደውል ደክሞት ተኝቷል አሉን። ሳይነጋ አረፈ።

ዛሬ በየሠርጉ ሽበቴን አይተው ወደ ክብር ቦታ ሊወስዱኝ ሲመጡ እምቢ እላለሁ። አንዳንዱ ኩራት ይለዋል። ይበሉኝ። እኔ ሰው መሃል ተጋፍቼ እቀመጣለሁ።