የመሪጌታ ዘውዱ ቦታ

መሪጌታ ዘውዱ በተክሌ አቋቋም ሲያሸበሽቡ ያየ ሰው፣ የስንዴ ማሳ በነፋስ ሲተኛና ሲነሣ ያየ ይመስለዋል። ደብረ ታቦር ከተማ ማኅሌት ሲመሩ ነው ያረጁት። ግን ድምፃቸው ሳይከዳቸው ጉልበታቸው ከዳቸው፤ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ተባሉ። ቦታቸውን ያስተማሩት ታምራት ያዘው።

«የታምራት ድምፅ ማር ነው እኮ!» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ እመቤቴ፣ ሳያስቡት።

«ማርም ሲበዛ ይመራል!» አሉ መሪጌታ።

ሆስፒታል የምትሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ቅድስት ጭናቸውን በአየር በሚነፋ ጨርቅ ታስርና፣ የደሙ ዝውውር ጨርሶ ሳይቆም ሲቀንስ፣ እግራቸውን በቀላል ክብደት ታስነሣቸዋለች። ወዲያው ትፈታዋለች።

«ከባድ ቢያነሡ ጉልበትዎን ያምዎታል። እንዲህ ሲሆን ጡንቻው በቀላል ክብደትም ይጠነክራል። ታዲያ ቤት ውስጥ በራስዎ እንዳያስሩ፣ አደራ!»

ሕመሙ እየቀለለ መጣ። ቅናቱ ግን ባሰበት። ከቤታቸው ደጃፍ ሆነው የታምራትን ድምፅ ሲሰሙ፣ የገዛ ዜማቸው በሰው ጉሮሮ የኮበለለ ይመስላቸዋል።

የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ደረሰ። «ለጥቂት ጊዜ ታስሮ እንዲህ ከተሻለኝ፣ ዋዜማውን ሙሉ ባስረውማ!» አሉና በእመቤቴ መቀነት ጭናቸውን ከቀሚሳቸው ሥር ጥርቅም አድርገው አሰሩ።

ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ታምራት ገና ሲያያቸው ቦታውን ለቀቀላቸው። «ተሻለዎት የኔታ?»

«ተሽሎኛል። ቦታዬን አልረሳሁትም!»

ከበሮው ሲሞቅ እግራቸው ቀዘቀዘ። ደነዘዘ። መሬቱ የት እንዳለ ጠፋቸውና መቋሚያቸው ከምቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ጉልበታቸው ታጠፈ። ታምራት ዜማውን ሳያቋርጥ በብብታቸው ገብቶ ደገፋቸው፤ ወደ ዳር አወጣቸው፤ የደነዘዘውን እግራቸውን ሲዳብስ መቀነቱን አገኘና ቋጠሮውን ፈታ።

«በመቀነት! ምን ነካዎት የኔታ?»

«አንተ እንዲህ ባያምርብህ ኖሮ አላስረውም ነበር።»

«የማሸበሽበው እኮ የርስዎን ነው!»

«እሱ ነው የሚያንገበግበኝ!»

ከበዓሉ በኋላ ታምራት ደግፎ ሆስፒታል ወሰዳቸው። ቅድስት የበለዘውን ጭናቸውን አይታ ተቆጣች። ብልዘቱ ሲድን ግን የራሷን ጨርቅ እንደገና አሰረችላቸው። እሳቸው እግራቸውን እያነሡ አንጎራጎሩ፦

ጉልበቴን አሰሩት ይሻልሃል ብለው፣
ቅናቴን የሚያስር ጨርቁስ የማን ነው?

«እሱ እኛ ጋ የለም፤» አለች ቅድስት እየሳቀች። «ያንሡ!»

መሪጌታ አንገታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ታምራት እዚያ ቆሟል።

«እስከ ጥምቀት ቦታዬን ያዝልኝ፤» አሉት። «ግን እንዳትለምደው!»