ከልዩ ልዩ የተጀመረው ስብሰባ

ከሚሴ ውስጥ የወላጆችን ስብሰባ የቀትሩ የዙሁር አዛን ሳይል ያስጨረስኩ ሰው እኔ ነኝ። ውሸታም በሉኝ፣ ለምጄዋለሁ።

ስብሰባ መምራት ማንም አላስተማረኝም። የከብት ደላላ ነኝ፣ ሰንበቴ ገበያ ነው የተማርኩት። እዚያ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ቀድሞ የሚያየው ያነክስ እንደሆነ ነው። የኛ ትምህርት ቤት የወላጅና መምህር ኅብረት ግን የበሬውን አያት ታሪክ ሲያነብልህ ይውላል። መጀመሪያ ንግግር፣ ቀጥሎ ሪፖርት፣ ቀጥሎ የሪፖርቱ ማብራሪያ! ወላጅ የሚናገረው «ልዩ ልዩ» በሚባለው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ መጨረሻ ነው። እዚያ ሲደረስ አዛን ይላል፣ ሼሁ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ዱዓ ይደረጋል። አሚን ከተባለ በኋላ አፍ መክፈት ነውር ነው።

አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ ጨፋ ላይ ማሽላ የምታርስ። ልጇ ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቆመች። ለምን? የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም፤ ወንዶቹ እያለፉ ይስቃሉ። ይኼን ልትናገር እናትየዋ በየስብሰባው እጇን ታነሳለች፣ በየስብሰባው «ልዩ ልዩ ላይ» ትባላለች፣ በየስብሰባው አሚን ብላ ትመለሳለች።

አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘኋት። «ኧረ ተወው ወንድሜ፣ እድራታለሁ» አለችኝ።

ሰባተኛ ክፍል! ደሜ ፈላ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው የማስቀው፣ ያን ቀን አንድ ቀልድ ከአፌ አልወጣም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ዳሬክተሩ ወረቀቱን ሲዘረጋ ብድግ አልኩ።

«ከልዩ ልዩ እንጀምር!»

«ልዩ ልዩ መጨረሻ ነው፣ ወንድሜ።»

«መጨረሻው ደርሶ አያውቅማ!»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወደ ሼሁ ዞርኩና «አባባ፣ በአላህ፣ ይቺ እናት ሳትናገር ዱዓ እንዳያደርጉብን» አልኳቸው።

ሼሁ አዩዋት። «ዱበዹ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ተናገሪ ልጄ።»

ተናገረች። ውኃ ጠጥተህ ብርጭቆ እስክትመልስ ጨረሰች።

«በጀት ሲለቀቅ እናሠራለን» አለ ዳሬክተሩ።

«የቢሮህ በር በምን በጀት ተሠራ?» አልኩት።

«ቀልድህን ተው!»

«እኔ አልቀልድም» አለች እናትየዋ፤ «እሱኑ በር ስጡኝ።»

ከኋላ አንድ አናጺ አባት «መፍቻ ይዣለሁ» አለ። ዳሬክተሩ ሼሁን አየ፣ ያስጥሉኛል ብሎ። ሼሁ «ቢስሚላህ በሉ» አሉ።

የቢሮውን በር ነቅለን፣ ጠርዙን ልገን፣ ሽንት ቤቱ ላይ ገጠምነው። ከዚያ በተሰበሰብንበት ዛፍ ሥር ዱዓ ተደረገ። አዛን ገና ነበር።

ልጅቷ በማግስቱ ደብተሯን ይዛ መጣች። በሳምንቱ ለዳሬክተሩ ቢሮ አዲስ በር ተገዛ። በጀት ተለቀቀ! ለሱ በሳምንቱ! እስካሁን ሳስበው ጥርሴን ያፋጨኛል።

አላመንክም? ከሚሴ ና። ልጅቷን ጠይቃት፣ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሼሁን ጠይቅ፣ አይዋሹም። ወንድ ከሆንክ ደግሞ ራሱን ዳሬክተሩን ሄደህ ጠይቀው፤ ብቻ አንኳኩተህ ግባ።