የቦጋለ ግራ ክንድ

ቦጋለ ድሮም ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው ነው። ከመካኒሳ አቦ ሜክሲኮ በሚነዳው ታክሲ ውስጥ እንኳ ወንበሩ ላይ ፍም የተነጠፈበት ይመስል ይቁነጠነጣል፤ ጥሩምባ ይነፋል፤ ግራ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ከፊቱ ያለውን ሾፌር ሁሉ ይሰድባል። በሰማንያ ስምንት ክረምት ግን ያ ክንዱ ጉድ አመጣበት።

ጠዋት ጠዋት፣ ገና አንድ ቢያጆ እንኳ ሳይሠራ ክንዱ ማሳከክ ይጀምራል። ሲያክከው ሰንበር በሰንበር ይሆናል፤ በአለንጋ የተገረፈ ነው የሚመስለው። ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ይህን ሲያይ ከመውረጃው በፊት «ወራጅ አለ!» ይላል። ያኔ ሰውነቱ ላይ ሽፍታ የታየበት ሰው ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። ኤድስ ብሎ አፍ አውጥቶ የሚናገር ባይኖርም ሁሉም በሆዱ ያንኑ ያስባል።

ሚስቱ ብርነሽ መጀመሪያ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። አንድ ቀን ግን በቀዝቃዛ ውሃ ፊቱን ታጥቦ ከንፈሩ አብጦ ሲገባ አየችው። ከዚያ ወዲያ ፍራሿን መሬት ላይ አነጠፈች፤ ብርጭቆውንም ለየች።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት ቦጋለ።

«ምንም። መስከረም ሲጠባ እናቴ ጋ እሄዳለሁ።»

ጤና ጣቢያ ሁለቴ ሄደ። ክፋቱ፣ ያ ሰንበር ለመንገደኛው ሁሉ እየታየ ለሐኪም ብቻ አይታይም፤ ተሰልፎ ተራው እስኪደርስ ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ይለሰልሳል። «ጤነኛ ነህ፤» ብለው ይሸኙታል። ጤነኛነቱ ትዳሩን ሊያፈርስበት ነው! በሦስተኛው ብርነሽን ለምኖ ይዟት ሄደ።

ሲስተር ገዲሴ የምትባል ነርስ በሩ ላይ ሲንጎራደድ አይታ ከነሚስቱ አስገባችውና የሆነውን አስነገረችው።

«የቱ እጅህ ላይ ነው የሚብስህ፣ ወንድሜ?»

«ግራው። ጠዋት፣ መስኮት ላይ ሳስደግፈው።»

«ፀሐይ ሲሆንስ?»

«ይተወኛል።»

ነርሷ ወጣች። ክትባት ከሚቀመጥበት ፍሪጅ በረዶ አምጥታ በላስቲክ ጠቅልላ ክንዱ ላይ አኖረችና «እንዳትንቀሳቀስ!» አለችው። ለቦጋለ ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። በረዶው ተነሥቶ ትንሽ እንደቆየ ያ ሰንበር በበረዶው ልክ ተነፋ።

«የቅዝቃዜ አለርጂ ነው። ሰውነትህ ብርድ ሲነካው ይቆጣል፤ ከሰው ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። መስኮትህን ዝጋ፣ ሹራብ ልበስ፣ ለብ ባለ ውሃ ታጠብ። ወንዝ ገብተህ እንዳትዋኝ። ኪኒኑ እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ ነው የምትውጠው፤ ውጠህ እንዳትነዳ። ጉሮሮህ ካበጠ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ ግን ቶሎ ሆስፒታል ድረስ።»

ቦጋለ ከወንበሩ ዘለለ። «ሰማሽ?»

ብርነሽ አልሳቀችም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ለነርሷ ዘረጋች።

«ለእኔም ያድርጉልኝ፤ ተይዤም እንደሆነ ልወቀው።» ክረምቱን ሙሉ ለራሷም ስትፈራ እንደከረመች ቦጋለ ያን ጊዜ ገባው።

ነርሷ «አይተላለፍም እኮ!» እያለች በረዶውን በእሷም ክንድ ላይ አኑራ አነሣችው። ጠበቁ። ቆዳዋ ቀላ ብሎ ረጥቦ ቀረ፤ ሌላ ምንም የለም። ብርነሽ እርጥቡን ሳትጠርግ የባሏን ያበጠ ክንድ ወደ ራሷ ሳበችና በነጠላዋ ጠቀለለችው። ከሰኔ ወዲህ ስትነካው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሞቀህ?» አለችው።

ቦጋለ፣ ያ ቁጭ ማለት የማያውቅ ሰው፣ ንቅንቅ አላለም።