የሙከራው ክሎሪን

በውኃ ማጣሪያው ፕሮግራመሯን «እትዬ ለየብቻ» ይሏታል፤ ምሳ ዕቃዋን እንኳ ከሰው አታደባልቅም። ውኃው ላይ ክሎሪን የሚጨምረውን እውነተኛ ፓምፕ የሚያዘው የፓይተን ፕሮግራም ኮምፒውተሯ ውስጥ በአንድ ምናባዊ ክፍል፣ የሙከራው በሌላ ነው። የሙከራው ፓምፕ የውሸት ነው።

ጠዋት የሙከራውን ክፍል አስነሳች፤ ትእዛዝ ሲጽፉበት ወዲያው የሚመልሰውን መስኮት ከፈተችና ለሙከራ ክሎሪኑን አሥር እጥፍ አደረገችው። ሻይ ጠጥታ ስትመለስ እንደ ልማዷ ፓይተኑን ከየትኛው ክፍል እንደተነሳ ጠየቀችው። የእውነተኛውን ስም መለሰላት።

ክው አለች። በሙከራው ክፍል መስኮቱን መጫን ረስታ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩ ሲያጣው ከእውነተኛው ክፍል አምጥቶ ከፍቶላታል።

ፓምፑን አጠፋች። ቀና ስትል ግን ዘበኛው አባባ ውኃው የተጋመሰ ብርጭቆ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ውኃው ዛሬ ምን ነካው?»