በዳዩ ያልመጣበት እርቅ

ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ መጻፍ አለብኝ። ሰዎች ፊቴ ስለማያነሡት የረሱት ይመስለኝ ነበር፤ አልረሱትም።

እኔና ታናሽ እኅቴ መሐል ሜዳ ከተማ አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። እሷ ባሏ ከሞተ ወዲህ የበግ ፀጉር እየፈተለች ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ ሠሪዎች ትሸጥ ነበር። ስልክ ያስፈለጋት ስብከት ለመስማት ነው። እየፈተሉ መስማት ይቻላል፤ እጅ አያስፈታም።

ያን ጊዜ ያ ዓይነት ስልክ በከተማው በዝቶ ነበር። ፊቱ ሰፊ፣ ድምፁ ትልቅ፣ ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል የተባለለት። መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን የኩባንያው ወኪል ነበር፤ ከእሱ ገዛሁት። ሦስት ቀን የተባለው ባትሪ በእኛ ብርድ አንድ ቀንም አይሞላ። ስለዚህ ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዘዴ ያዙ። ስልካቸውን በመቀነታቸው ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ ይቋጥሩታል። ገላ ያሞቀዋል፣ አይወድቅም፣ አይሰረቅም። ቁልፉም ሳንቲሙም ድሮውንም እዚያው ነው የሚቋጠረው። እኅቴም እንዲሁ አደረገች።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ከቀትር በፊት። እሷ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ፀጉር ታፍታታለች፤ እኔ በሩ ላይ ምስር እለቅማለሁ። የሚቃጠል ፀጉር ሸተተኝና፣ “እሳት አጠገብ ጣልሽው እንዴ?” አልኋት።

“የምን እሳት?” አለችና ጎንበስ ብላ አየች። ጢሱ የሚወጣው ከሆዷ ነው። ስብከቱ ቃል መካከል ላይ ተቋረጠ።

መቀነት በአንድ ጊዜ አይፈታም። ዙሩ ብዙ ነው፣ ጫፉም ወደ ውስጥ ይሸጎጣል። ቀኝ እጇን ከተተችበት። እኔ መቀስ ፍለጋ ሮጬ ገባሁ፤ አጣሁት፤ ቢላ ይዤ ወጣሁ። ከጀሪካኑ ውሃ ደፋሁባት። መቀነቱ ሲበጠስ ስልኩ መሬት ወድቆ ሁለት ጊዜ ፉጭ አለ። አልጮኸችም። “ፀጉሩን አንሺልኝ፣ እንዳይረጥብ” አለችኝ።

ሆስፒታል ቁስሏን አጥበው፣ አሽገው በማግሥቱ መለሱልኝ። የሆዷ ቁስል ቀስ ብሎ ዳነ። የቀኝ እጇ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ግን ተኮራምተው ቀሩ። እንዝርት የሚሾረው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ሊጠይቁን የመጡት ሴቶች በመጀመሪያው ቀን ያደረጉትን አልረሳም። ከበሩ ውጭ ቆመው ስልካቸውን ከመቀነታቸው እየፈቱ በድንጋይ ካቡ ላይ ደረደሩት።

“የኔን ራቅ አድርጊው፣ እንዳይጋባበት” አለች ጠላ ሻጯ ጎረቤታችን።

“ምን ይጋባበታል፣ ያንቺው እኮ ነው አጋቢው!” አለቻት ሌላዋ።

ሳቁ። ገብተው እጇን ሲያዩ አለቀሱ። ሲወጡ ተቆጡ። “ደገኛ ስለሆንን ነው ይህን የሰደዱብን?” አለች ጠላ ሻጯ። “ይሰብስቡታ! እኛ ምን እስኪሆን ነው የምንጠብቀው?”

ለኩባንያው ማመልከቻ ጻፍሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኩባንያው ስልኩ እንደሚነድ በሬዲዮ ይናገር፣ ከሰው እጅም ይሰብስበው። ካሳ አልጠየቅሁም፤ እኅቴም አልፈለገች። የጎረቤት ሰው ሁሉ ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በጣቱ። ቦታ ጠፍቶ ወረቀቱን ገልብጠው በጀርባው የፈረሙ አሉ።

ከወር በኋላ ከኩባንያው ተደወለልኝ። የሴት ልጅ ድምፅ ነው፣ ለስላሳ።

“እናቴ፣ በጣም አዝነናል፤ እግዚአብሔር ይማርልን። ስልኩ በምን ሁኔታ ነበር የተያዘው?”

“በመቀነቷ።”

“መቀነት... ጨርቅ ነው አይደል እናቴ?”

“ጨርቅ ነው።”

“ተጠቅልሎ ነበር ማለት ነው?”

“አዎ፣ ተጠቅልሎ።”

ስትጽፍ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማኛል። ያን ያህል ዘመን የሰው ቃል ስመዘግብ ኖሬ፣ የራሴ ቃል ሲመዘገብ መጠንቀቅ ነበረብኝ። ግን የተናገርሁት እውነት ነው። ሌላ ምን እላለሁ?

መልሱ በወኪሉ እጅ መጣ። መመሪያው ስልኩን በጨርቅ መጠቅለል ስለሚከለክል ጥፋቱ የተጠቃሚዋ ነው ይላል። ከካርቶኑ ውስጥ መመሪያውን አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ተቀመጥሁ። በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ እንደ ጤፍ የደቀቀ። በሦስተኛው ገጽ ግርጌ አገኘሁት። እውነትም አለ።

ከዚያ በኋላ የሰው ነገር ተለወጠ። መጀመሪያ ቀልዱ መጣ። መናኸሪያው ላይ ሴት ስትሳፈር ረዳቶቹ፣ “መቀነት ይፈተሽ!” ይላሉ። ቀጥሎ ምክንያቱ መጣ። “እሷ አጥብቃ ቋጥራው ነው፤ እኛ ላላ አድርገን ነው” አሉ። “እርጥብ ፀጉር ነክቶት ይሆናል” ያለም ነበር። ሊጠይቁን ሲመጡ ስልክ ካቡ ላይ ማስቀመጡ ቀረ። ሌላ ስልክ ከየት ያምጡ? ዓረብ አገር ያለች ልጅ ድምፅ የሚሰማው በዚያው ነው። ይህ ይገባኛል። የከበደኝ ስልኩን ለማመን ብለው እኅቴን መጠርጠራቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። ሦስት ናቸው፤ ቄሱ፣ የእድራችን ዳኛና አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ። ሁለቱ ማመልከቻው ላይ ፈርመዋል። ከኋላቸው ወኪሉ ካርቶን ታቅፎ ቆሟል።

“ግቡ፣ ተቀመጡ” አልሁ።

“እሺ ሳትሉን አንቀመጥም” አሉ ቄሱ።

“ምኑን ነው እሺ የምል፣ አባ?”

“የዚህ ሰው እንጀራ ሊዘጋበት ነው። ክሱን ካላስቀረህ ወኪልነቱን እንነጥቅሃለን ብለውታል። ጎረቤታችሁ ነው፤ ልጆች አሉት። ይቅር በሉት።”

“እሱን መቼ ከሰስነው?”

“እማማ፣ እኔም እኮ የያዝሁት ይኸንኑ ነው” አለ ወኪሉ፣ የራሱን ስልክ ከኪሱ ብቅ አድርጎ።

“ካልከሰሳችሁትማ ይቅር ማለቱ ምን ያስቸግራል?” አሉ የእድሩ ዳኛ።

“በእርቅ ላይ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል” አልሁ። “ኩባንያው የታለ?”

ባልደረባዬ ሳቀ። “ኩባንያ አንገት አለው እንዴ፣ እትዬ? ይኸው ካርቶን ልኮልዎታል።”

ወኪሉ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አዲስ ስልክ ነው፣ ያው ዓይነት። እኅቴ አየችውና፣ “ይኸኛውስ አይነድም?” አለች።

“እንግዲህ በመቀነትሽ አትቋጥሪው” አሉ ቄሱ፣ ሳይስቁ።

አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው። ቄሱ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው እግር ይለዋውጣሉ። እኅቴ ይህን ማየት አልቻለችም። “ይቅር ብያለሁ፤ ስለ እግዚአብሔር ተቀመጡ” አለች። ተቀመጡ። ጸሎት ተደረገ። እርቁን ያፈረሰ በረከት ይጣ፣ መዓቱም ለጎረቤቱ ይትረፍ ተባለ። አሜን አልን።

ከዚያ ወኪሉ ከደረት ኪሱ ወረቀት አወጣ። የኩባንያው ነው። ስልኩ ጉድለት እንዳልነበረበት፣ ጉዳቱ በአያያዝ ስሕተት እንደ ደረሰ አምነን ጉዳዩን በስምምነት ዘግተናል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እኅቴ ካለችው ይቅርታ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ከነበርነው ሰዎች ይህን አጥርቶ ያወቀ እኔ ብቻ ነበርሁ።

“ይህ እርቅ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው” አልሁ።

ቄሱ መቋሚያቸውን ይዘው እንደገና ሊነሡ አሉ። እኅቴ የግራ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አሳረፈች። እኔም ከሥሯ፣ ምስክር ከሚለው ፊት ለፊት ፈረምሁ።

ብዙም ሳይቆይ በሬዲዮ ተነገረ። በአካባቢያችን ተቃጠለ የተባለው ስልክ እንከን እንደሌለበት ተጎጂዋ ራሷ አረጋግጣለች አሉ። ጠላ ቤቱ በር ላይ ተሰብስበው ሲሰሙ አየኋቸው። “እፎይ!” አለች ጠላ ሻጯ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ።

ክረምት ሲገባ አንዲት ሴት ዘመሮ ከምትባል ከተማ መጣች። ጫማዋን ጭቃ በልቶታል። ልጇ ያንኑ ዓይነት ስልክ ከብርድ ልታተርፍ በደረቷ ይዛው፣ ደረቷና አንገቷ ተቃጥሏል። በሚቀጥለው ጥር ልትዳር የነበረች ናት። ሴትዮዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋች። የፈረምሁት ወረቀት ግልባጭ ነው።

“እኔ ማንበብ አልችልም” አለች። “ለኩባንያው ብንናገር ይህን ሰጡን። የመሐል ሜዳዋ እንከን የለውም ብላለች፣ ያንቺም ልጅ በአያያዟ ነው አሉን። ይህ ፊርማ የርስዎ ነው?”

“የኔ ነው።”

“ሲፈርሙ የሚለውን ያውቁ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ፈረሙ?”

“ሽማግሌዎቹ እንደገና ሊቆሙ ነበር።”

“ሲደክማቸው ይቀመጡ ነበር” አለች።

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። እኅቴ ከአልጋዋ ሆና፣ “አሜን ብለሻል እኮ፣ እትዬ። እኔ ይቅር ያልሁትን አንቺ ልታፈርሺው ነው?” አለችኝ።

“ይቅርታሽን አልነካም። የኔን ፊርማ ነው የማነሣው።”

“እነሱ ይህን አይለዩልሽም።”

የመሰከርሁበት ወረቀት ሐሰት እንደ ነበረ፣ ሐሰት መሆኑንም አውቄ እንደ ፈረምሁ ጻፍሁ። ሴትዮዋ ደረቷ ውስጥ ከታ ይዛው ሄደች።

እኅቴ ያለችው ደረሰ። ነገሩ ሲሰማ ከተማው በኩባንያው ላይ ያልተቆጣውን ያህል በእኔ ላይ ተቆጣ። የእድሩ ዳኛ መንገድ ቀየሩብኝ። ወኪሉ ወኪልነቱን ተነጠቀ፤ ሚስቱ በበራችን ስታልፍ መሬት ላይ ትተፋለች። ጠላ ሻጯ ግን ፊት ለፊት ተናገረችኝ፤ ለዚህ አከብራታለሁ።

“ስልኩ እኮ ያቃጠለው አንድ ሰው ነው” አለች። “እርቅ ሲፈርስ የሚመጣው መዓት ግን ለሰፈር ነው የሚተርፈው። ልጆች አሉን።”

“የዘመሮዋም ልጅ ናት” አልኋት።

“እሷን እኛ አላቃጠልናት” ብላ ጥላኝ ገባች። ስልኳ መቀነቷ ውስጥ ሲጠራ ሰማሁ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት የዘመሮዋ ሴት በጎረቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። ኩባንያው ጽሑፌ ብቻውን አይበቃም ብሏል፤ ደብረ ብርሃን ቢሮው ወርጄ በቃሌ መናገር አለብኝ። ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። እሄዳለሁ አልኋት።

እኅቴ አብራኝ አትሄድም፤ ይቅር ብላለች። ብቻዋን ደግሞ አትሆንም፤ በግራ እጇ ጀሪካን አታነሣም፣ ልብሷንም ማሰር አትችልም። እስክመለስ ጠዋትና ማታ የሚያያት ሰው ፈለግሁ። ሦስት ቤት ገብቼ ጠየቅሁ። ድሮ ማመልከቻዬ ላይ የፈረሙ ሰዎች ናቸው። አንዷ እንግዳ አለብኝ አለች፣ አንዷ አሞኛል አለች፣ ሦስተኛዋ በሩን አልከፈተችም።

እስካሁን አልሄድሁም። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ደውላ፣ “መቼ ነው?” ብላኛለች።