የታሸገው የእታለም ውጤት

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ደጃፍ የተሰለፈች ልጅ ቡናማ ፖስታዋን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጋ ውስጡን ለማየት ስትታገል አየሁና ካለሁበት "እንዳትከፍቺው!" ብዬ ጮኽሁ። ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እኔ የታየኝ ግን የራሴ ጉድ ነው።

ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እህቴ እዚሁ ደብረ ታቦር ከኮሌጅ በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ይዛ፣ ሥራ ስታጣ አረብ አገር ሄዳ፣ አራት ዓመት የሰው ቤት ስታጸዳ ኖራ መመለሷ ነው። ቅዳሜና እሁድ እየተማረች ዲግሪዋን ለመያዝ ቆርጣለች። ለዚያ ደግሞ የኮሌጅ ውጤቷ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ሳይከፈት ዩኒቨርሲቲው መድረስ አለበት። ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ፖስታውን አምጥታ ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችና ጉርድ ፎቶ ልትነሣ ወጣች።

በዚህ መሐል አባባ ከጉና ወረዱ። ጥቅምት ነው፤ የጉና ብርድ ከጋቢያቸው ጋር አብሮ ቤት ገባ። ያመጡትን ድንች ቀቅዬ ከነልጣጩ በሚጥሚጣ አቀረብሁላቸው። እየላጡ ፖስታውን አዩት።

"ያ ምንድን ነው?"

"የእታለም ውጤት ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ ምን ይላል?"

"ታሽጓል።"

"የልጄን ውጤት ከእኔ ነው የሚያሽጉት?"

ምን ላድርግ? ጮክ ብዬ ማንበብ እወዳለሁ። በቢላ ጫፍ ከፈትሁት፤ ኮርስ በኮርስ አነበብሁላቸው። "ኤ ማለት?" ይሉኛል። "ከሁሉ የሚበልጥ" እላለሁ። "እስቲ ድገሚልኝ።" ድንቹ ቀዘቀዘ።

እታለም ገባች።

"ማን ነው የከፈተው?"

"አባባ እንዲሰሙ ብዬ..."

"አንቺ ደንቆሮ! አፍሽስ እሺ አይዘጋም፣ እጅሽ እንኳ ቢያርፍ ምን አለ!"

በማግስቱ ጠዋት ሦስታችንም ዩኒቨርሲቲው መስኮት ፊት ቆምን። ሰውዬው ፖስታውን እንደ ቆሻሻ በሁለት ጣቱ ገለበጠው። "ማኅተሙ ተሰብሯል። ቀጣይ!"

"ወንድሜ፣ እባክህ፣ ልጅ ናት የከፈተችው" አለች እታለም።

"ወንድምሽ አይደለሁም። ማርኩን ቀይራችሁት እንደሆነስ?"

"ሌባ ነን እንዴ፣ አንተ?" አሉ አባባ።

"አባት፣ ሰልፉን አይዝጉ።"

ኮሌጁ ደግሞ ባሰ። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ቀና እንኳ ሳትል "ሌላ ለማውጣት ማመልከቻ ጻፉና ከሳምንት በኋላ ኑ" አለች። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እታለም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ስድቧ ይሻለኝ ነበር። ወረቀት ለምኜ አግዳሚው ላይ ማመልከቻውን ጻፍሁት፤ የከፈትሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ለምን እንደከፈትሁት፣ ድንቹን ሳይቀር። ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ራሴ ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ አፈጠጠብኝ።

"ይህችን ደፋር ማን ነው ያሳደጋት?"

"እኔ" አሉ አባባ።

ፊቱን እንዳጠቆረ በቀይ እስክሪብቶ "ዛሬውኑ ይሰጣት" ብሎ ፈረመ። "ግን በእናንተ እጅ አይሄድም!" አዲሱን ፖስታ ተላላኪ ይዞ ከፊት፣ እኛ እንደ እስረኛ ከኋላ፣ ከተማውን አቋርጠን ሰዓቱ ሳያልፍ ደረስን።

የመስኮቱ ሰውዬ ማኅተሙን አየ። ከዚያ ፖስታውን ሳይከፍት ፋይል ውስጥ ወሸቀው።

"ከአንደኛ ዓመት ትጀምሪያለሽ" አላት።

"የወሰድኋቸው ኮርሶችስ?"

"የኮሌጅ ኮርስ እዚህ አይያዝም። ቀጣይ!"

እታለም አሁን አራተኛ ዓመት ላይ ናት። ድሮ ኤ ያመጣችበትን ትምህርት ከትናንት ልጆች ጋር ተቀምጣ እንደ አዲስ ተማረችው። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ያን ውጤት ከዳር እስከ ዳር የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገብስና ድንች እያመረቱ ያስተማሯት አባባ። ስለዚህ አልጸጸትም።

ይህን እየጻፍሁ መሆኔን ስነግራት እታለም ከደብተሯ ቀና አላለችም። "ይቅር እንዳላልሁሽም ጻፊበት" አለችኝ።

ጻፍሁት።