ሽማግሌ የላክንበት ክስ

ሰው ጠጥቶ መንዳቱ በምን ይታወቃል? ይህን ጥያቄ ዕድሜዬን ሙሉ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ባል ሰክሮ ትራክተር ነድቷል ተብሎ እዚህ ሱዳን ገዳሪፍ ሲከሰስ ግን ጥያቄው ያዘኝ፤ እንቅልፍ አልነሳኝም፣ ግን አልለቀቀኝም።

በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠግብ መኪና አያሳልፍም። አራሚዎችን ወደ ሰሊጥ እርሻው የሚያደርሳቸው ትራክተር ብቻ ነው። ተጎታች ይታሰርለትና ሰው፣ ዱቄትና የውሃ ጀሪካን አንድ ላይ ይጫንበታል። የጎረቤቴ ባል የሚነዳው እንዲህ ያለውን ነው። ያን ዕለት ወደ ሀዋታ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ኬላ ሲደርስ ተጎታቹ በጭቃው ተንሸራቶ ዞረና ፖሊሶቹ ሻይ የሚጠጡበትን ራኩባ፣ ያን የሣር ዳስ፣ ገነደሰው። ከዳሱ ሥር የነበሩት ዘለው አመለጡ። እሱ ግን ግንባሩ መሪው ላይ ተመትቶ ደማ። ጥቂት ቆይቶ አንዱ ፖሊስ ሲቀርበው አረቄ አረቄ ሸተተው። በዚያው ወደ ከተማ አምጥተው አሰሩት።

ከተፈረደበት መንጃ ፈቃዱ ይነጠቃል። ኢቃማው፣ ማለት የመኖሪያ ወረቀቱ፣ ይሰረዝና በገላባት በኩል ወደ መተማ ይሸኛል። ሚስቱ አራስ ናት። ማዶ የሚጠብቀው ሥራ የለም፤ መንገዱም ሰላም አልነበረም።

እኔ ነገሩ ውስጥ የገባሁት በአረብኛዬ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጎንደር ጨርሼ በወጣትነቴ መጣሁ፤ አረጀሁም እዚሁ። ጎረቤቶቼ አረብኛዬን እንደ ሙቀጫ ይዋሱታል። በታሰረ በማግስቱ ጠዋት የሰፈራችን ሽማግሌዎች ነጠላቸውን ለብሰው በሬ ላይ ቆሙ።

«እትዬ፣ ተነሺ። መርማሪውን እንለምናለን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፤ የእድራችን አለቃ ናቸው።

«ምን ብለን?»

«ምን ብለን ይባላል እንዴ? እንደ አገራችን ነዋ!»

መንገድ ላይ የትልቁ ሽማግሌ ዓይን ከመሬት አልተነሣም። የወደቀባቸው ነገር ያለ መስሎኝ ምን እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው።

«ድንጋይ። ምሕረት ለማኝ ድንጋይ ሳይሸከም እንዴት ይቀርባል? ይህ አገር ያልሰጠን ነገር የለም፤ ድንጋይ ግን ነፈገን።»

«ጡብ እንያዝ?» አሉ ከኋላ ያሉት ሽማግሌ።

«ጡብማ ከየት ሰረቃችሁ ይሉናል።»

ባዶ እጃችንን ገባን። ሽማግሌዎቹ በመርማሪው ፊት ተንበረከኩ። ትልቁ ሽማግሌ፣ «ልጃችን ነው። አጥፍቷል፤ በድሏል። መጠጥ ያሳስታል። ለእግዜር ብላችሁ ማሩልን» አሉ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩ። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ ደንግጦ አስነሣቸው፣ ውሃ አስመጣላቸው፣ ከዚያ ያሉትን ሁሉ ጻፈ።

«ሲጽፍ አየሽ?» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ ስንወጣ። «ነገሩን ከልቡ ይዞታል።»

ጠበቃ ያገኘንለት ከዚህ በኋላ ነው። በጦርነቱ ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች ሴት ናት፤ ቢሮ ስለሌላት ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ኒም ዛፍ ሥር በላስቲክ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። መዝገቡን ወስዳ አነበበችና ቀና አለች።

«ያ ኻላ፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ጠላቶቹ ናቸው?»

አክስቴ ማለቷ ነው፤ እዚህ ትልቅ ሴት እንዲህ ትባላለች።

«ወገኖቹ ናቸው» አልኳት።

«ታዲያ ለምን መሰከሩበት?»

ማንም እንዳልመሰከረ፣ የለመንነው ምሕረት ብቻ እንደሆነ ነገርኳት። እሷም የመርማሪውን ጽሑፍ አነበበችልኝ፤ የተከሳሹ የአገር ሽማግሌዎች በራሳቸው ፈቃድ ቀርበው መጠጣቱን አምነዋል ይላል። ቃል በቃል ባይሆንም አልተሳሳተም። ያልነው ያንኑ ነው።

«ሲጠጣ ያየ ከመካከላችሁ አለ?» አለች።

ጥያቄዋን አብረውኝ ለቆሙት ሽማግሌዎች አስተላለፍኩ። እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ፣ «እኔስ እርስዎ ያዩ መስሎኝ ነው» አሉ ለትልቁ።

«እኔ ከየት አይቼ! ፖሊስ ያዘው ተባለ፤ መጣሁ።»

«እሱን ራሱን አልጠየቃችሁትም?» አልኩ ከራሴ ጨምሬ።

«የታሰረን ሰው አጥፍተሃል ወይ ብሎ መጠየቅ በቁስሉ እንጨት መስደድ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

እውነትም ማንም አልጠየቀውም ነበር። ጠበቃዋ አስፈቅዳ እኔን ይዛ ወደታሰረበት ገባች። ግንባሩ ላይ ጨርቅ ታስሯል። መጠጣት አለመጠጣቱን ስጠይቀው መልሱን ትቶ እኔን ያየኝ ጀመር።

«እማማ፣ ሰው ይህን ሲጠይቀኝ የዛሬው የመጀመሪያው ነው» አለ። ከዚያ ነገረን። አልጠጣም። ከአራሚዎቹ አንዱ ለቁስል ብሎ አረቄ ይይዝ ነበር፤ ደሙን ሲያይ ጨርቅ ነክሮ ግንባሩ ላይ አሰረለት። ጠበቃዋ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ እኔ የምስቅበት አላገኘሁም። እኛ ዘንድ አረቄ ለጥርስም፣ ለሆድም፣ ለቁስልም ነው።

«ያ ሰው ይምጣና ይመስክር» አለች።

ወደ እርሻው ላክንበት። መልሱ ከሚመለስ ትራክተር ጋር መጣ፤ «አረቄ ይዤ ነበር ብዬ ፍርድ ቤት ልቁም? እሱን አስፈትቼ እኔ ልግባ?» ብሏል። አልፈረድኩበትም፤ እዚህ አገር አረቄ መያዝ ራሱ ያሳስራል፣ እሱም ልጆች አሉት።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ከኒሙ ሥር አልጠፋሁም። ጠበቃዋን ብዙ ጠየቅኋት፤ አልሰለቸችኝም። ሰው ሰክሯል ለማለት ሐኪም ደሙን ወስዶ ያያል አለች፤ ይህ ካልተደረገ አነጋገሩ፣ አካሄዱ፣ ሚዛኑ ይታያል። ሽታው አይበቃም ወይ ስላት፣ «ሽታ በር ያንኳኳል፤ ገብቶ አይፈርድም» አለችኝ። የገረመኝ ሌላ ነው። የእሷ ሥራ ሰውየው ንጹሕ መሆኑን ማሳየት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ከሳሹ የያዘውን ገመድ ጫፍ ጫፉን እየነካካች ይፈታ እንደሆነ ማየት ብቻ ነው። በእኛ ሽምግልና እውነቱ ተጣርቶ ባይወጣም እርቅ ይወርዳል፤ በእሷም ቤት እውነቱ ሁሉ ሳይወጣ ሰው ነጻ ይወጣል። ሁለቱን በልቤ ሳነጻጽር ሰነበትኩ።

በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። ዳኛው እንደኛው ያረጁ፣ ጆሯቸው ትንሽ የከበደ ሰው ናቸው። ጠበቃዋ ፖሊሱን መጠየቅ ጀመረች።

«አረቄው የሸተተህ ከአፉ ነው ወይስ ከግንባሩ?»

«ሰውየው ይሸት ነበር።»

«አፉን ቀርበህ አሸተትከው?»

«ደም በደም ነበር፤ ምን ብዬ እቀርባለሁ?»

«ሲሄድ ተንገዳግዷል ብለሃል። በምን ላይ ነው የሄደው?»

«በጭቃ ላይ።»

«አንተስ ወደ እሱ ስትሄድ?»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ። ሐኪም ዘንድ የተከሳሹ ደም ተወስዶ እንደሆነ ፖሊሱን ስትጠይቀው አልተወሰደም አለ፤ ሽማግሌዎቹ ስላመኑ አያስፈልግም ተብሎ ነበር።

ለካ መርማሪውን ያሳረፍነው እኛ ነን። እኛ ባንሄድ ኖሮ ደሙ ይታይ ነበር፤ ደሙም ስለ እሱ ይናገርለት ነበር።

ቀጥሎ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ሽማግሌዎቹ ጠጥቷል፣ ማሩት አሉ፤ አንቺም ተረጎምሽ። ልክ ነው?»

«መጠጥ ያሳስታል፣ አጥፍቷል፣ ማሩልን ነው ያሉት። ልክ ነው።»

«ማጥፋቱን ያውቁ ነበር?»

«አያውቁም ነበር።»

«ታዲያ የማያውቁትን አጠፋ እንዴት ይላሉ?»

ብዙ ሰው ያየኝ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሽማግሌ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አጣርቶ አይሄድም» አልኩ። «አጣርቶ የሚሄድ ሙግተኛ ነው። ልማዳችን ጥፋቱን በራሳችን አድርገን መቅረብ ነው፤ የተቆጣው ሰው ልቡ ሲበርድ ማን እንዳጠፋ ኋላ ይነገራል። ድንጋይ ተሸክመንም እንቀርባለን። ያን ዕለት ግን አላገኘንም።»

«ድንጋይ?» አሉ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው።

«አዎ፣ በትከሻ።»

ዳኛው ወደ ሽማግሌዎቹ አሻግረው አዩ። «አጃዊድ ናችኋ» አሉ። አጃዊድ የሚባሉት የእነሱው አስታራቂ ሽማግሌዎች ናቸው። ከዚያ ወደ ፖሊሱ ዞሩ። «አንተ አጃዊድ ከቤትህ መጥተው ጥፋቱ የኛ ነው ቢሉህ ምን ታደርጋለህ?»

«ሻይ አፈላላቸዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«ክስስ?»

ፖሊሱ ራሱም ፈገግ አለ።

ፍርዱ ከሰዓት በኋላ ተነበበ። የሽማግሌዎቹ ቃል ምልጃ እንጂ ምስክርነት አይደለም ተባለ። ሽታው ብቻውን አልበቃም። የፈረሰውን ዳስ እንዲያሠራ ታዞ ከስካሩ ክስ ነጻ ወጣ፤ መንጃ ፈቃዱም ተመለሰለት። ፈቃዱን ተቀብሎ ገልብጦ አየውና ደረት ኪሱ ውስጥ አድርጎ ቁልፉን ቆለፈ።

ግቢው ውስጥ ትልቁ ሽማግሌ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«በሉ አሁን እንሂድ። እትዬ፣ አንቺም ነይ።»

«ወዴት?»

«ወደ ፖሊሱ ነዋ። በሰው ፊት አሳፈርነው። አጥፍተናል እንበለው።»

ጠበቃዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ስነግራት የመጎናጸፊያዋን፣ የቶቧን፣ ጫፍ ፊቷ ላይ ጣለች።

«በአላህ ይዣችኋለሁ! ዓቃቤ ሕጉ ይግባኝ ሊል ይችላል። ጊዜው ሳያልፍ አንዳችሁ እንዳትሄዱ።»

«ለሰላምታ ብቻስ?» አሉ ሽማግሌው።

«አባቴ፣» አለ የጎረቤቴ ባል እጁን ደረት ኪሱ ላይ እንዳደረገ፣ «ለኔ ብለው ሰላምታውም ይቅር።»

«ልጅ ተፈታና መምከር ጀመረ!» ብለው ተቆጡ፤ ግን እግራቸው ቆመ። «ስንት ቀን ነው የሚጠበቀው? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኋትና ነገረችኝ። ለሳቸው ስተረጉም ጥቂት ቀን ጨመርኩበት።